ድሪ ያላት እንስራ

ጎንደር፣ በወርኃ መጋቢት ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ለማከብርሽ፣ ለምወድሽ ደንበኛዬ፤

ከነገሬ ሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ? ልጆችሽስ? የቆላው ሙቀት እንደምን አድርጓችኋል? እናንተ የደጋ ሰዎች ናችሁ፤ ከሳንጃ ወዲያ ያለው አገር የምንጭ ውሃው ሳይቀር ትኩስ ነው ሲሉ ሰምቼ ወባውን አሰብሁና እንቅልፍ አጣሁ። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ይጠብቃችሁ። እሱ የሁለታችንም ነውና በእሱ አንጣላም። እኔ ምስጋና ይድረሰውና ቆሜ እሄዳለሁ። ጽጌሬዳም ደኅና ናት። አድጋለች፤ የፊት ጥርሷ ተነቅሏል፤ ምላሷ ግን የእናቷ ነው።

ይህን የሚያነብልሽ ትልቁ ልጅሽ ይመስለኛል። አንተ ልጅ፣ እባክህ ቀስ ብለህ አንብብላት። ከመሀል ይብቃኝ ካለችህ አትከራከራት፤ አጣጥፈህ አስቀምጠው። ሌላ ቀን ትጠይቅህ ይሆናል።

ከደብዳቤው ራስ ላይ ስምሽን ብታጪው አይክፋሽ። ረስቼው አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች ስንወርድ ታገኚዋለሽ።

ያለሽበትን የነገረኝ የአዲስ ዓለሙ ነጋዴ ዐብዱረሕማን ነው። ሰሊጥ ሊጭን ወርዶ ገበያ ላይ እንዳየሽ፣ ባለቤትሽ ማጭድና ማረሻ እንደሚመታ፣ አንቺም ያገሩን አፈር ለምደሽ እንስራ መሥራት እንደጀመርሽ አወራኝ። ታነክሳለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በግራ እግሯ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያወራውን አልሰማሁትም።

እኔና አንቺ እንዴት እንደነበርን አንድ ጊዜ ልጻፈው፤ መጻፍ ደስ ይለኛልና። አባቴ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አስቀምጦ ዳዊት ያስደገመኝ ጠላ ስሸጥ የጠጪ ስም እንድጽፍበት አልነበረም። አንቺ ሁልጊዜ ከጓሮዬ ካብ ወዲያ፣ እኔ ከካቡ ወዲህ። እንስራሽን ካቡ ላይ ታኖሪያለሽ፤ ዋጋዋ የምትይዘውን ያህል ገብስ ነው። እኔ ገብሱን ከላይ አፈስሳለሁ፤ አንቺ ከታች አቁማዳሽን ትዘረጊያለሽ፤ እጅሽም እጄን አይነካም። የእናንተ ሥርዓት ነው። ከእኛ ሰው የነካችሁ እንደሆነ ወንዝ ወርዳችሁ ሳትታጠቡ፣ ከቤተ ሰብ ተለይታችሁ ሳትቆዩ ወደ ቤታችሁ አትገቡም። መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር። እኔ ምን ሆንሁና ነው እል ነበር። ኋላ ለመድሁት፤ እንዲያውም አሾፍበት ጀመር። የሰከረ ሁሉ እጄን ለሚጎትተኝ ለእኔ አንዲት የማትነካኝ ደንበኛ ማግኘት ዕረፍት ነው ስልሽ በሳቅ ካቡን ተደግፈሽ ታውቂያለሽ።

ስለ ጅቡም ወሬ ስቀናል። ባለ እጅ ሲመሽ ጅብ ይሆናል፣ የሰው ልጅ በዓይኑ ይበላል የሚለውን ነገር ጠጪዎቼ ሲያወሩ ሰምቼ ላንቺ ስነግርሽ፣ ጅብ መሆን ብችል ኖሮ ሸክላ በጀርባዬ አዝዬ ይህን ዳገት እወጣ ነበር ወይ ብለሽ መለስሽልኝ። እኔም እውነትሽን ነው አልሁ። ሳላምን የሳቅሁ ይመስለኝ ነበር። ሰው ግን የሳቀበትን ነገር ትቶታል ማለት አይደለም፤ ይህን አሁን አወቅሁ።

ሰኔ ላይ አንዲት እንስራ አዘዝሁሽ። አንገቷ ላይ ድሪ አድርጊላት፣ ባሌ ሳይገዛልኝ የሞተውን ድሪ እንስራዬ እንኳ ትሰረው አልሁሽ። እንስራ ድሪ አስራ ማንን ልታገባ ነው ብለሽ ሳቅሽብኝና፣ ፍሬ ፍሬውን በአውራ ጣትሽ እየተጫንሽ እንደምታስጌጫት ነገርሽኝ። ለሌላ ሰው ሠርቼ አላውቅም አልሽ። ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ፣ ቅዳሜ ሳይገባብኝ አደርሳለሁ ብለሽ ቀጠርሽኝ።

ያ ዓርብ ዝናቡ አልተወንም። አመሻሽ ላይ አባራና ጉም ወረደ፤ ካቡ እንኳ ከጓሮ በር ላይ ሆኖ አይታይም ነበር። በዚህ ዝናብ አትመጣም ብዬ ተውሁሽ። ጽጌሬዳ መደቡ ላይ ተኝታ ነበር፤ ብታለቅስ እንድሰማት የፊቱን በር ገርበብ አድርጌ ማድ ቤት ለጠላው አሻሮ እቆላ ነበር። በዚያው ሰሞን የገዛሁትን የበሬ ቆዳ ጓዳ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኔው ማንንም ሳያስቸግር ቁርበቱን ራሱ ሊያወርድ ገባ።

ኩራዝ ይዤ ስገባ ጓዳው በር ላይ ሁለት ዓይን አበራብኝ። የጎረቤት ውሻ መስሎኝ ውጣ ብዬ ተቆጣሁት። ቀና ሲል ትከሻው ከወገቡ ከፍ አለ። ያን ጊዜ ጮኽሁ። መሸሽ ሲገባኝ በሩን ሞልቼ ቆምሁ፤ እሱም መውጫ አጥቶ እያፈገፈገ ልጄ ወደተኛችበት መደብ ተጠጋ። እጄ ያገኘው ዘነዘና ነበር። ወረወርሁት። የኋላ እግሩን ሲያገኘው ሰማሁ፤ አጯጯኹ የሰው ይመስል ነበር። ሲወራጭ ጋኑን ገልብጦ ሰበረው። ኩራዙም ከእጄ ወድቆ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን እኔ ያወቅሁትን ያህል ልንገርሽ። የጓሮው በር፣ ባሌ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው በርሜል ቆርቆሮ የሠራው፣ ሲንኳኳ ሰማሁ። ጽጌሬዳ ነቅታ ታለቅስ ነበር፤ ልቅሶዋ ከመደቡ ተነሥቶ በጨለማው ውስጥ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ አንድ እጅ የእጄን አንጓ ያዘኝና ከበሩ ላይ ወደ ጎን ሳበኝ። ልቀቂለት፣ ይውጣ የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ሹክሹክታ የማን እንደሆነ አይለይም። ጅቡ እያነከሰ በአጠገቤ ሽው ብሎ ወጣ። ልጄን ደረቴ ላይ አስታቀፈኝና ያ ሰው በመጣበት በር ተመለሰ። እኔ በዚያች ሰዓት ስለ ሰው አላሰብሁም፤ የልጄን እጅና እግር እየዳበስሁ ነበር።

ጎረቤት ችቦ ይዞ ደረሰ። ከሁሉ ፊት አያ ዋኘው ነበሩ፤ ታውቂያቸዋለሽ፣ ስለ አርበኝነታቸው ማውራት ሲጀምሩ የእኔ ጠላ የሚያልቅባቸው ሽማግሌ። ጠመንጃቸውን ይዘው በጓሮ በኩል ነበር የመጡት። እግራቸው ላይ ወድቄ ልጄን አተረፉልኝ አልሁ። እሳቸውም ጢማቸውን ዳሰሱ። እኔ አይደለሁም አላሉም። እኔ ነኝም አላሉም፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። ክረምቱን ሙሉ ግን ጠላዬን በነጻ ጠጡ።

በማግሥቱ የቀሚሴ እጅጌ ላይ የደረቀ ጭቃ አገኘሁና የዝናብ ነው ብዬ አጠብሁት። ከካቡ ሥር የእንስራ ስብርባሪ አገኘሁ። ጓሮ ከደፋኋቸው አንዱን ጅቡ ሲሸሽ ሰብሮት ነው ብዬ፣ ትልቁን ገል እሳት እጭርበታለሁ ብዬ አስቀመጥሁ። ጽጌሬዳ የእንስራዋ እትዬ ትናንት ቤታችን መጥታ ነበር ስትለኝ ሕልም አየሽ ብዬ ሳቅሁ። ጎረቤቴ እንኳየሁ ግን አልሳቀችም። አማተበችና ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሰነበትሽ፤ ገበያም ሳትወጪ፣ ከካቡም ሳትመጪ። እንኳየሁ በገባች በወጣች ቁጥር፣ ደንበኛሽ ምነው ጠፋች ትለኝ ጀመር። የተመታው እግር የትኛው ነበር ትለኝ ጀመር። እኔም የኋላ ግራው መሰለኝ አልኋት።

ከዚያ ገበያ ወጣሽ። እግርሽ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በትር ይዘሽ፣ ልጅሽ ሸክላውን ተሸክሞልሽ። እኔን ከሩቅ ስታዪ ፈገግ አልሽ። ፈገግታሽ ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። ምስጋናሽን ልትቀበይ የመጣሽ ሰው ነበርሽ፤ እኔ ግን ከእንኳየሁና ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ያፌን ያህል ግን ያመለጠ አይቼ አላውቅም። ምነው እግርሽ ብዬ የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። አንቺም የምታውቂውን ነገር ምን ያስጠይቅሻል በሚል ዓይን አይተሽኝ፣ አንቺ ጓሮ ወድቄ ነዋ አልሽ።

እንኳየሁ በአፏ ተናገረች ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሁሉ ጮኹ። አንቺ የሆነው ነገር ሳይገባሽ አንዷን ታያለሽ፣ ሌላዋን ታያለሽ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየሽ። እኔ ድንጋይ አላነሣሁም። ስድብም አልወጣኝም። ጽጌሬዳን ግን ወደ ጉያዬ ስቤ በነጠላዬ ሸፈንኋት። ከአንቺ ዓይን። ፈገግታሽ የጠፋው ድንጋይ ሲያነሡብሽ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ነው። አይቼዋለሁ።

የቀረውን መድገም አልፈልግም። እንስራዎችሽ ገበያ መሀል ተሰበሩ፤ የባለቤትሽን ወናፍ በቢላዋ ቀደዱት፤ በመንደሩ ያተኮሰው ሕፃን ሁሉ ባንቺ ተሳበበ። ጥቅምት ላይ ጎጆአችሁን ነቅላችሁ ቁልቁል ወረዳችሁ አሉ። ስትሄዱ በእኛ ደጅ እንዳለፋችሁ ሰማሁ። እኔ በሬን ዘግቼ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ጧት እሳቴ ጠፍቶ አደረ። ከእንኳየሁ ቤት ፍም ልጭር ያንን ያስቀመጥሁትን ገል አነሣሁ። ዝናብና አመድ ተጋግሮበት ነበር፤ በነጠላዬ ጫፍ ስጠርገው ድሪው ወጣ።

ፍሬ ፍሬው አንገቷን ዞሮ የተጫነ። አውራ ጣቴን አስገብቼ ሞከርሁት፤ ያንቺ ጣት ከእኔ ያንሳል። አሸተትሁት። ጌሾ ጌሾ አይልም፤ ጠላ ነክቶት አያውቅም። እዚያው ጓሮ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። በዚያ ዝናብ ቃልሽን ለመጠበቅ መጥተሽ፣ ካቡ ጋ ስትደርሺ ጩኸቴን ሰምተሽ፣ ድሪ ያሰርሽላትን እንስራ ጥለሽ በዚያ በሚያንሸራትት ካብ ላይ የዘለልሽው አንቺ ነሽ። እጅጌዬ ላይ የነበረው ጭቃ የእጅሽ ነው። የጠፋሽውም ነክተሽን ስለነበር ነው፤ እስክትነጺ ተለይተሽ ነው የከረምሽው። ስለዚያ ምሽት የተነገረው ነገር ሁሉ እውነት ነበር። ልጄ እውነት ተናገረች፣ አንቺ እውነት ተናገርሽ። ከአያ ዋኘው ዝምታ በቀር የዋሸ አልነበረም፤ እኛ ግን ከዚያ ሁሉ እውነት ሐሰት ሠራንበት።

ሄጄ አያ ዋኘውን ያዝኋቸው። ማሩኝ አላልኋቸውም፣ አላከበርኋቸውምም። ስደርስ ጅቡ ሄዶ ነበር አሉኝ። አንዲት ሴት ከጓሮሽ እግሯን እየጎተተች ስትወጣ በጉሙ ውስጥ አይቻለሁ፣ ማን እንደሆነች አላወቅሁም አሉኝ። ታዲያ ምነው ያኔ አልተናገሩም ብላቸው፣ አንቺ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስታመሰግኚኝ እንዴት ላሳፍርሽ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኚህ ነው፤ እሳቸውማ አልጮኹም እንኳ። መቼም ዛሬ እሳቸውን መስደብ ይቀለኛል። ልጄን በነጠላ የሸፈንሁት ግን እኔ ነኝ።

እንግዲህ የተናገርሁት በአደባባይ ነው፣ የማስተካክለውም በአደባባይ ነው አልሁ። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ገሉን ይዤ ሁሉንም ተናገርሁ። ጅቡ ጅብ ነበር፣ ልጄን ያተረፈች እሷ ናት፣ የበደልናት እኛ ነን አልሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ልባቸውን ነካሁት ብዬ ነበር። እንኳየሁ እያለቀሰች መጣችና ክንዴን ያዘችኝ፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ይህን እወቂልኝ። አይ እህቴ፣ አንቺንም በላችሽ፣ በአፍሽ ሆና የምትናገር እሷው ናት አለችኝ።

ጸበል ወሰዱኝ። ገሉን ከእጄ ሊያስጥሉኝ ቢታገሉ በጡቴ መሀል ደበቅሁት። በዚያ ብርድ ውሃው እየወረደብኝ ማን በላሽ፣ ስሟን ጥሪ፣ ጥሪና ትለቅሻለች ይሉኛል። ደንበኛዬ፣ ስምሽ ጥርሴ ላይ ነበር። ያዳነችኝ ብዬ ልጮኸው ፈለግሁ። ግን ከውሃው ሥር የተጠራ ስም ለእነሱ ማስረጃ ነው፤ አንድ ጊዜ ካልሁት እስከ ልጅ ልጆችሽ ይከተላችኋል። ጥርሴን ነከስሁ። በነጋ በጠባ ያወርዱኝ ነበር፤ ሱባኤው እስኪያልቅ አንድም ቀን አልጠራሁሽም። አፏን አስራባታለች አሉ። ከደብዳቤው ራስ ላይ ስምሽ የጠፋው ለዚህ ነው። መንገድ ላይ ከሌላ እጅ ቢወድቅ ይኸው ጠራቻት እንዳይሉ።

እዚያ ቆሜ ስንቀጠቀጥ ምን እንዳሰብሁ ልንገርሽ። አንቺም በዚያች ምሽት ቅዳሜ ገብቶብሽ፣ እግርሽ ተሰብሮ፣ ወንዝ ወርደሽ በብርድ ታጥበሻል፤ ነክተሽኛልና። እኔም ታጠብሁ፤ ነካችኝ ብያለሁና። የአንቺው ግን በተሰበረ እግር ነበር። ይህ ያቃጥለኛል። ስበላም ስተኛም ያቃጥለኛል። ያን ዕለት በገበያው አንዲት ቃል ከምጠይቅሽ አንዲት ቃል ባመሰግንሽ ኖሮ ዛሬ ከካቡ ወዲያ ነበርሽ።

ተመለሺ አልልሽም። ወዴት? ገሉንም አልልክልሽም፤ ከአንቺ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ጽጌሬዳ ትጠይቀኛለች፤ የእንስራዋ እትዬ መቼ ትመጣለች ትላለች። እጇ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፣ ሸጋ ሽታ ነው ትለኛለች። አሁን ሕልም ነው አልላትም።

ሌላ ወሬ የለኝም። ጠላ ቤቱን ዘግቼዋለሁ፤ ጠጪ ቀረ። አያ ዋኘው እንኳ በሌላ መንገድ ይዞራሉ። ዐብዱረሕማን ብቻ ሲያልፍ ያነጋግረኛል፤ ከጠላዬ ቀምሶ ስለማያውቅ የቀረበት ነገር የለም። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እንኳየሁን ከነልጅ ልጇ ደጃፉ ላይ አገኘኋት። ሕፃኗ አይታኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁላት። እንኳየሁ ሕፃኗን ሳበችና በነጠላዋ ሸፈነቻት።

የአባቶቻችን አምላክ እግርሽን ይጠግንልሽ። የቆላው አፈር ለእጅሽ ይለስልስልሽ፤ እሳትሽ አይጥፋ፣ ሸክላሽ አይሰንጠቅ። ልጆችሽ ሕፃን ከዓይናቸው በማይሸሸግበት አገር ይደጉ። ሰላምታዬን ለባለቤትሽ አቅርቢልኝ፤ ካልተቀበለኝም አልፈርድበትም።

አንድ ምሽት በእጅሽ የያዝሻት
ደንበኛሽ